እናት ቤት የገባ ታሪክ

«ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. ከቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ሁለት ሽልማት ይዞ ወጣ። አንዱ ቪም ቬንደርስ የመሩት የዳኞች ጉባኤ የሰጠው ልዩ ሽልማት ሲሆን ሌላው ለምርጥ የፊልም ድርሰት የሚሰጠው «ኦዜላ» ነው። በዚያው ዓመት የቱኒዚያው የካርቴጅ ፌስቲቫል የወርቅ ታኒቱን ሰጠው። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ የአፍሪካ ሲኒማ ትልቁ ክብር የሆነው የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ተጨመረለት። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ 14 ዓመት የደከሙበት ሥራ ነበርና የሚገባውን አገኘ።

ፊልሙን ያደነቁት ሐያስያን በብዛት ያነሡት ስፋቱን ነው። የንጉሡ መውደቅ፣ የደርግ መምጣት፣ የተማረው ትውልድ ተስፋና ስብራት፣ የስደት ኑሮ፣ በአውሮፓ የጥቁር ሰው ዕጣ፣ ይህ ሁሉ በ140 ደቂቃ ውስጥ አለ። የነቀፉትም የያዙት ይህንኑ ስፋት ነው። ብዙ ነገር አጭቋል፣ ረዝሟል፣ አንዳንድ ቦታ ይሰብካል ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ፊልሙን ከሩቅ ሆነው እንደ ተራራ ያዩታል። እኔ ቀረብ ብዬ ሳየው የሚገርመኝ ጥብቀቱ ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ያን ሁሉ ታሪክ በአንድ በር፣ በቤተሰብ በር፣ ብቻ እንዲያልፍ አድርገውታል። እናትን፣ ወንድምን፣ ልጅን ወይም ባልንጀራን ሳይነካ የሚያልፍ ፖለቲካ በዚህ ፊልም ውስጥ አላገኘሁም። የ«ጤዛ» የእጅ ሥራ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩን ላስታውስ። አንበርብር ጀርመን ሕክምና የተማረ ሰው ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር አብዮት ያልማል። ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ሊያገለግል ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። እዚያ የሚጠብቀው ጥርጣሬ፣ ግምገማና ደም ነው። የልብ ጓደኛው ተስፋዬ ይገደላል። አንበርብር እንደገና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይላካል፤ ግንቡ በሚፈርስበት ዘመን የዘረኞች ጥቃት ይደርስበትና አንድ እግሩን ያጣል። በመጨረሻም የደርግ ዘመን ሊያበቃ ሲቃረብ፣ ጣና ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ፣ እናቱ ቤት ይመለሳል። እግሩም ትዝታውም ጎድለዋል። ምን እንደ ደረሰበት እሱ ራሱ በቅጡ አያስታውስም።

እንዲህ በቅደም ተከተል ስነግራችሁ ግን ፊልሙን አበላሸሁት። «ጤዛ» የሚጀምረው ከመመለሱ ነው፤ የቀረው ሁሉ በቁርጥራጭ ይመጣል። ይህን አሠራር ግራ የሚያጋባ ነው ያሉ አሉ። በእኔ እይታ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም። ተመልካቹ አንበርብርን የሚያገኘው እናቱ ባገኘችው ሁኔታ ነው። ልጇ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሠራ፣ ማን እንዳቆሰለው አታውቅም። እኛም አናውቅም። ሌሊት ሲባንን ታያለች፤ እኛም እናያለን። ታሪኩ ቀስ እያለ ሲገጣጠም እኛ የደረስንበትን እሷ ሳትደርስበት ትቀራለች። ያኔ ነው እናትነቷ የሚከብደው፤ ያልገባትን ሥቃይ ታስታምማለች። ከመጀመሪያው ዓመት ተነሥቶ ወደ መጨረሻው የሚሄድ ፊልም ቢሆን ኖሮ፣ አንበርብር እናቱ ደጃፍ ሲደርስ እኛ ሁሉን አውቀን እንጠብቀው ነበር። እሷ ላይ ያለን ስሜት ያኔ ሐዘኔታ ብቻ በሆነ። አሁን ግን ከእሷ ጋር እኩል ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን እንጠብቃለን።

የስፌት ባለሙያ ሴት ሰፌድ ወይም ሙዳይ ስትሰፋ፣ ዓይን የሚስበው አለላው ነው፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ወይን ጠጁ። ዕቃውን ግን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ከውስጥ የተጠቀለለውና የማይታየው አክርማ ነው። በ«ጤዛ» ውስጥ አብዮቱ፣ ስደቱ፣ ግድያው አለላው ነው። አክርማው የእናትና የልጅ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ ይዞራል።

እናቱን ታድፌን ሆነው የሚጫወቱት ታከለች በየነ ናቸው። የእሳቸው ትወና በሽልማት ዝርዝር ውስጥ ብዙ ሲነሣ አልሰማሁም፤ ለእኔ ግን የፊልሙ ምሰሶ ናቸው። ስለ እናት የሚሠሩ የኛ ፊልሞች ብዙውን ጊዜ እናትን ያስለቅሷታል፤ ካሜራው እንባዋን ይጠብቃል፣ ሙዚቃው ይከተላል። ታድፌም ታለቅሳለች። ነገር ግን ከእንባዋ ይልቅ የሚነግረን ሥራዋ ነው። የተጎዳ ልጇን ትቀበላለች፣ መንፈስ ይዞት ይሆናል ብላ ጠበል ታስጠምቀዋለች፣ ከሌላው ልጇ ቅሬታና ከመንደሩ ዓይን መካከል ትቆማለች። የጠበሉን ነገር ብቻ ብንወስድ ለማሾፍ የሚመች ቦታ ነበር፤ በሕክምና የሠለጠነ ሰው፣ በእናቱ እጅ፣ እንደ ልክፍተኛ ሲታከም። ፕሮፌሰር ኃይሌ አላሾፉም። ሳይንሱ ያልደረሰበት ቁስል እንዳለ፣ እናትየዋም ያላትን መድኃኒት ሁሉ ማቅረቧን በክብር ያሳያሉ። ጠበሉ ያድነው አያድነው የሚለውን ክርክር ትተው እጇን ይከተላሉ።

ይህችው እናት አዛኑን በቤቷ አስጠግታለች። በተጄ ተስፋሁን የተሠራችው አዛኑ መንደሩ ያገለላት፣ በከባድ ኀጢአት የምትታይ ሴት ናት። ስለዚህ አንበርብር የተመለሰበት ቤት ከመጀመሪያውም የተሰበሩ ሰዎች መጠጊያ ነው። ይህ የድርሰቱ ትልቅ ብልኀት ነው። ታድፌ ልጇን ከመቀበሏ በፊት፣ የማንም ያልሆነችን ሴት ተቀብላ እንደነበር እናያለን። ፍቅሯን በንግግር ማስረዳት አላስፈለገም፤ ቤቷ አስረድቶታል። በኋላ በአዛኑና በአንበርብር መካከል የሚበቅለው ነገርም ከሰማይ የወረደ የፍቅር ታሪክ አይመስልም። ሁለቱም በአንዲት ሴት ጣራ ሥር የተጠለሉ ናቸውና።

ወደ ካሜራው ልምጣ። ፊልሙን ያነሡት ጣሊያናዊው ማሪዮ ማሲኒ ናቸው፤ የታቪያኒ ወንድማማቾችን «ፓድሬ ፓድሮኔ» ያነሡ ባለሙያ ናቸው። የአባትና የልጅ ፊልም ያነሣ ዓይን የእናትና የልጅ ፊልም ሊያነሣ መጣ ማለት ነው። የማሲኒ ጣና ለቱሪስት የተነሣ ጣና አይደለም። ውኃውና ሰማዩ በጎሕ ሲለዩ፣ ሰው በመልክዓ ምድሩ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ቤት ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ብርሃኑ ይቀንስና ፊት ብቻ ይቀራል። በዚህ አሠራር የመንደሩ ሰፊነትና የቤቱ ጥበት ይፈራረቃሉ። አንበርብር ከቤት ወጥቶ ሲቅበዘበዝ አገሩ ይሰፋበታል፤ ሲገባ ሰው ይከበዋል። ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ የቆመው የሙሶሊኒ መታሰቢያም በዚሁ እይታ ውስጥ ይገባል። ያ ድንጋይ ከአንበርብር ትውልድ በፊት የነበረው ትውልድም የራሱ ቁስል እንደነበረው ያለ አንዳች ንግግር ይነግረናል። የልጁ እግር የጎደለው በአውሮፓ ነው፤ አውሮፓ ግን ከዚያ ቀድሞ እዚህ መንደር ደርሶ ነበር።

ሙዚቃውን ጆርጋ መስፍንና አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ቪጃይ አየር ሠርተውታል። የእኛን ቅኝት የሚያውቅ ሳክስፎን ተጫዋችና ከውጭ የመጣ ጆሮ አንድ ላይ መቀመጣቸው ለዚህ ታሪክ ተገቢ ነበር፤ ባለታሪኩም ሁለት ዓለም የሚሰማ ሰው ነውና። ሙዚቃው ተመልካቹን እየጎተተ አያስለቅስም። ሐዘኑ በሥዕሉ ውስጥ ካለ፣ ሙዚቃው ጎን ለጎን ይሄዳል እንጂ አይቀድመውም።

ጆሮ ለሰጠ ሰው ደግሞ ሌላ ረቂቅ ሥራ አለ፤ ይኸውም ንግግሩ ነው። ጀርመን ያሉት ተማሪዎች የሚናገሩት አማርኛ በኢምፔሪያሊዝም፣ በፊውዳሊዝም፣ በጭቁኑ ሕዝብ የታጠረ ነው። የዚያ ዘመን ሰነዶችን ያነበበ ሰው ቋንቋውን ወዲያው ይለየዋል። ከዚያ ትውልድ የፖለቲካ ድርጅቶች መኢሶን በ1968 እ.ኤ.አ. ሐምቡርግ፣ በኋላ ኢሕአፓ የሆነው ድርጅት በ1972 እ.ኤ.አ. በርሊን መመሥረታቸውን ለሚያስታውስ፣ ታሪኩ ጀርመን ላይ መተከሉ ትክክል መሆኑ ይገባዋል። የመንደሩ አማርኛ ግን ሌላ ነው። ጎንደሬ ነው፤ ምርቃትና ሙሾ፣ ምሳሌና ተግሣጽ አለበት። አንበርብር በሁለቱ መካከል ሲቆም አንደበቱ ይያዛል። ስለ ሕዝብ ሲከራከር የኖረ ሰው፣ እናቱ ለምትጠይቀው ቀላል ጥያቄ መልስ ያጣል። ይህን ልዩነት ማንም በአፉ አያስረዳንም፤ ጆሯችን ራሱ ይለየዋል።

እዚህ ላይ ከሐያስያኑ ወቀሳ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት አለብኝ። የጀርመኑ ክፍል ንግግር ይበዛዋል የሚለው ነቀፋ በከፊል እውነት ነው። አንዳንዱ ክርክር ሰዎች ሲነጋገሩ ሳይሆን አቋም ሲያነቡ ይመስላል። የዘመኑ ወጣቶች እንዲያ ይናገሩ ነበር የሚለው መከላከያ ግማሹን ብቻ ይመልሳል፤ ዘመኑን ማስመሰል አንድ ነገር ነው፣ ተመልካችን መያዝ ሌላ ነው። የጀርመናዊቷ የጋቢና የካሳንድራ ገጸ ባሕርያትም ከመንደሩ ሴቶች ጋር ሲነጻጸሩ ሳስተው ተሠርተዋል። ታድፌን በሥራዋ እናውቃታለን፤ እነሱን በአብዛኛው የምናውቃቸው በሚሉት ነው። ይህ የፊልሙ እውነተኛ ጉድለት ነው።

ብዙ ታሪክ አጭቋል የሚለውን ግን አልቀበልም። የታጨቁ የሚመስሉትን ታሪኮች አንድ በአንድ እንያቸው። የተስፋዬ ታሪክ አብዮት ብሎ ሚስቱንና ልጁን ጀርመን ጥሎ የሄደ አባት ታሪክ ነው። ሲገደል አገር አንድ ምሁር ታጣለች፤ ፊልሙ የሚያስቆጥረን ግን አባቱን ሳያውቅ የሚያድገውን ልጅ ነው። የታላቅ ወንድም ቅሬታ፣ የተማረው ወንድም በሌለበት ዘመን ሁሉ ቤቱን የተሸከመ ሰው ቅሬታ ነው። የአዛኑ ታሪክ የሞተ ልጅ ታሪክ ነው። ለጦርነቱ በግዳጅ እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ የሚደበቁት ልጆች የእናቶቻቸው ልጆች ናቸው፤ መንግሥትም ሸማቂም የሚመጣው ልጅ ፍለጋ ነው። እነዚህ ሁሉ የአንድ ነገር ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው። ዘመኑ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ቀንሷል፤ ፊልሙ የጎደለውን እየዞረ ይቆጥራል። ከዚህ ቆጠራ ውስጥ የትኛውን እናውጣ?

መከራው በአንድ ሰው ላይ በዛ፣ ይህ ሜሎድራማ ነው የሚልም አለ። ሜሎድራማ ስድብ መሆን የለበትም። ሰው ሲያለቅስ ማሳየት ቀላል ነው፤ ልቅሶው የሚገባው ሆኖ እንዲገኝ ማድረግ ነው ከባዱ። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣውን የራዱ ሚሃይሊያኑን የፈረንሳይኛ ፊልም «ቫ፣ ቪ ኤ ዴቪየን» ለንጽጽር ማንሣት ይጠቅማል። በ1984 እ.ኤ.አ. ሱዳን ባለ የስደተኞች መጠለያ አንዲት ክርስቲያን ኢትዮጵያዊት እናት ልጇን ከሞት ለማትረፍ ቤተ እስራኤል አስመስላ ወደ እስራኤል ትልከዋለች። ፊልሙ በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት፣ በፈረንሳይ ደግሞ ለድርሰቱ የሴዛር ሽልማት አግኝቷል፤ ስሜት አብዝቷል ተብሎም ተወቅሷል። እዚያ እናትየዋ በሌለችበት ትናፈቃለች፤ ልጁ ለጨረቃ ያወራላታል። ልብ የሚነካው በርቀቷ ነው። «ጤዛ» ከዚህ የከበደውን መንገድ መርጧል። እናትየዋ እዚያው አጠገቡ አለች፣ ልጇም ተመልሶላታል፤ ግን የተመለሰላት የላከችው ልጅ አይደለም። ናፍቆት መጨረሻው መገናኘት ነው። ከተገናኙ በኋላ የሚጀምረውን ሐዘን ለማሳየት ግን ዝርዝር፣ ትዕግሥትና ጊዜ ያስፈልጋል። 140 ደቂቃው የሄደው እዚህ ላይ ነው።

ይህ የቤተሰብ መንገድ በእኛ ሲኒማ ውስጥ ብቻውን የቆመ አይደለም። ሳሌም መኩሪያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሠሩት «የወንዝ ማዕበል» ዘጋቢ ፊልም ያንኑ የአብዮት ዘመን በገዛ ወንድማቸውና በቅርብ ጓደኛቸው ዕጣ በኩል ተርከውታል። ፕሮፌሰር ኃይሌም ከ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጀምሮ፣ ንጉሣዊው ሥርዓት ሲንገዳገድ በ1974 እ.ኤ.አ. ካነሡት ከዚያ የጥቁርና ነጭ ፊልም ጀምሮ፣ የገበሬውን ብዝበዛ ያሳዩን በአንድ የገበሬ ቤተሰብ ኑሮ ነው። ጎንደር ሲያድጉ ከአያታቸው ተረት፣ ከቴአትር ጸሐፊው አባታቸው መድረክ እንደተማሩ ደጋግመው ይናገራሉ። የ«ጤዛ»ን ዝግጅት ከተሸከሙት መካከልም እህታቸው ሰሎሜ ገሪማ አሉበት። ቤተሰብ ለእሳቸው የታሪክ ርእስ ብቻ አይደለም፤ ታሪክ መንገርን የተማሩበትና ፊልም የሚሠሩበት መንገድ ነው።

ይህን የምጽፈው ከዱከም ነው። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀን፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ የተዘረጋን ከተማ ነን፤ ሌሊት የከባድ መኪና ድምፅ፣ ቀን የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ፈረቃ አለን። የቻይናው ኋጂያን የጫማ ፋብሪካ በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከየገጠሩ ለሥራ የመጡ ወጣቶች በየግቢው ቤት ተከራይተው ሲኖሩ ማየት የዕለት ኑሯችን ሆኗል። የጀርመን ትምህርትና የዱከም ፋብሪካ አንድ አይደሉም። ሆኖም በሁለቱም ጫፍ አንዲት እናት ቤት ቀርታለች። «ጤዛ»ን ከጎረቤቶች ጋር ስናይ፣ የአብዮቱ ክርክር ላይ ወጣቶቹ ስልካቸውን ያወጣሉ፤ እናትየዋ ስትመጣ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። አብረውን ያዩ አንዲት እናት «ምን ሆንክ ብላ አትጨቀጭቀውም፣ አየህ?» አሉኝ። ስለ ታከለች ትወና ከዚህ የተሻለ ሒስ አላነበብኩም። እኚህ እናት መኢሶንን ከኢሕአፓ ለመለየት ግድ የላቸውም። አንዲት እናት መጠየቅ ስትችል አለመጠየቋን ግን ለይተው አዩ። ሥራው በትክክል የተሠራው ለእንዲህ ያለ ዓይን ነው።

ፊልሙ የሚደርስበት መፍትሔም ከዚሁ የእጅ ሥራ የወጣ ነው። አንበርብር አዲስ ርዕዮተ ዓለም አያገኝም፣ የበደሉትም ሲቀጡ አናይም። የመንደሩን ልጆች ማስተማር ይጀምራል፤ አዛኑ ትወልድለታለች። ይህን ቀላል ማጽናኛ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ፊልሙ የቆጠረውን ጉድለት አስታውሱ። ከየቤቱ ልጅ የጎደለበት ዘመን ነበር። አባቱን ያጣ ልጅ፣ የሞተ ልጅ፣ የተደበቁ ልጆች አይተናል። ስለዚህ በመጨረሻ አንድ ልጅ መወለዱና ሌሎቹ ፊደል መቁጠራቸው ለዚያ ቆጠራ የተሰጠ መልስ ነው። ድርሰቱ «ኦዜላ» ሲሸለም ዳኞቹ ይህን አይተውት ከሆነ ዓይናቸው ልክ ነበር።

የኛ የፊልም ሒስ ብዙ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ፊልሙ የየትኛው ወገን ነው? መልእክቱስ ምንድን ነው? ስለ ደርግ ዘመን ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይበረታል፤ ማንን ከሰሰ፣ ማንን ነጻ አወጣ እንላለን። «ጤዛ»ም ይህን ዓይነት ንባብ ብዙ ተቀብሏል። እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ ግን ሁለተኛ ረድፍ ላይ ይቀመጡ። መጀመሪያ እንዴት እንደተሠራ እንይ፦ ማን ከማን በፊት መጣ፣ ማን ምን ሳይናገር ቀረ፣ የትኛው ሐዘን በየትኛው ቤት አለፈ። ስለዚያ ዘመን ፊልም ሊሠሩ የሚነሡ ወጣቶችም ከ«ጤዛ» ሊወስዱ የሚገባቸው ትምህርት ይኸው ነው። ደንብ ልብሱን፣ ባንዲራውንና መፈክሩን መልሶ መሥራት ገንዘብ ካለ ይቻላል። ታድፌን መሥራት ግን የሚቻለው አንዲትን እናት ለዓመታት በትኩረት ላየ ሰው ብቻ ነው፤ ዘመኑን የምናምነውም በእሷ ነው።